የጋዝና የኦክስጅን ማቃጠያ አነዳደፍ፦ ከሚፈለገው ሙቀት እስከ ኖዝሉ

ማቃጠያ ለመሥራት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀዳዳው ስንት ሚሊ ይሁን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። የቀዳዳው መጠን ከሌሎች ውሳኔዎች ይወጣል። ምን ያህል ሙቀት ይፈለጋል? የትኛው ጋዝ አለ? ኦክስጅኑ ከየት ይመጣል? ጋዙና ኦክስጅኑስ የት ቦታ ላይ ይገናኛሉ? እነዚህ ከተመለሱ ቀዳዳው በካልኩሌተር ይገኛል።

መመሪያው በዋናነት ለመስታወት ሥራ፣ በብር ለሚበየዱ ዕቃዎችና ለመሳሰሉት ጥቃቅን ሥራዎች የሚሆን የጠረጴዛ ማቃጠያ መንደፍ ለሚፈልጉ ነው። የተሠራ ገዝታችሁ ለመጠቀም ብታስቡም ይጠቅማችኋል፤ ምን እየገዛችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ፍጥነቱ ይግባን

ጋዝና ኦክስጅን ከተደባለቁ በኋላ እሳት በድብልቁ ውስጥ የሚጓዝበት የራሱ ፍጥነት አለው። ድብልቁ ከኖዝሉ (ቀዳዳው ካለበት የማቃጠያው አፍ) ወደ ውጭ ይወጣል፤ እሳቱ ደግሞ ወደ ውስጥ ሊገባ ይታገላል። ወንዝ ውስጥ ሽቅብ እንደሚዋኝ ሰው ማለት ነው። የውሃው ፍጥነትና የዋናተኛው ፍጥነት ሲመጣጠኑ ሰውየው ባለበት ይቆማል። ነበልባልም ኖዝል አፍ ላይ ረግቶ የሚቆመው እንዲሁ ነው።

ድብልቁ ከልክ በላይ ከፈጠነ ነበልባሉ ከአፉ ይላቀቅና ይጠፋል። ከዘገየ እሳቱ ወደ ኖዝሉ ውስጥ ይገባል። ጧ ብሎ ከጠፋ ዕድለኛ ናችሁ። ሳይጠፋ ውስጥ መንደዱን ከቀጠለ ግን ማፏጨት ይጀምራል፣ እጀታው ይግላል፣ እሳቱም ወደ ጎማው ያመራል። ይህ ፍላሽባክ ይባላል፤ ከሁሉም አደገኛው ነገር ይሄ ነው።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። ፕሮፔን ከአየር ጋር ሲደባለቅ እሳቱ የሚጓዘው በሰከንድ 0.4 ሜትር ገደማ ነው። አየሩን በንጹህ ኦክስጅን ስትተኩት ከ3.5 ሜትር ያልፋል። አሲቲሊንና ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ሲሆኑ ደግሞ በሰከንድ ከ10 ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ለአየር የተሠራ የጋዝ ማቃጠያ ላይ ኦክስጅን መቀጠል ፈጽሞ የማይደረገው ለዚህ ነው። በዚያ ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ድብልቁ እየተንፏቀቀ ሲወጣ እሳቱ ዘጠኝ እጥፍ ፈጥኖ ይመጣበታል።

ደረጃ 1፦ ሙቀቱን በኪሎዋት ወስኑ

«ኃይለኛ ነበልባል» መለኪያ አይደለም። ኪሎዋት ግን መለኪያ ነው። በደቂቃ 1 ሊትር ፕሮፔን የሚያቃጥል ማቃጠያ 1.45 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል። የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን በዚያው መጠን የሚሰጠው 0.57 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ለፕሮፔን የተነደፈ ማቃጠያ ሚቴን ላይ ሲቀጠል ነበልባሉ ልፍስፍስ ይላል። ያንኑ ሙቀት ለማግኘት ሁለት ተኩል እጥፍ የሚሆን ጋዝ ማሳለፍ አለበት።

ቀጭን የመስታወት ዘንግ ለማቅለጥና ጌጣጌጥ ለመበየድ ከ1 እስከ 3 ኪሎዋት ይበቃል። ለዚህ ጽሑፍ 3 ኪሎዋት የሚጠጋ ማቃጠያ እንያዝ። ይህ በደቂቃ 2 ሊትር ፕሮፔን ማለት ነው። በሰዓት ሲሰላ 225 ግራም ገደማ ይሆናል፤ 10 ኪሎ ፕሮፔን ወደ 44 ሰዓት ይቆያል።

ወደ ኦክስጅኑ እንምጣ። አንድ እጅ ፕሮፔን ተሟልቶ ለመቃጠል አምስት እጅ ኦክስጅን ይፈልጋል። ሚቴን ሁለት፣ አሲቲሊን ሁለት ተኩል። ነበልባሉ ግን የተወሰነውን ኦክስጅን በዙሪያው ካለው አየር ይስባል። ስለዚህ በማቃጠያው በኩል ለፕሮፔን አራት እጅ ገደማ ማቅረብ ይበቃል፤ ለአሲቲሊን አንድ ለአንድ ገደማ። በእኛ ምሳሌ በደቂቃ 8 ሊትር ኦክስጅን ያስፈልጋል። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ብዙ ነገር የምትወስነው እሷ ናት።

ደረጃ 2፦ ጋዙን ምረጡ

አሲቲሊን ከኦክስጅን ጋር ወደ 3,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ፕሮፔን ወደ 2,800። ፕሮፔን በአየር ብቻ ሲነድ ከ2,000 በታች ነው። እነዚህን ቁጥሮች ብቻ ያየ ሰው አሲቲሊንን ይመርጣል። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም።

የአሲቲሊን ሙቀት የተከማቸው ኖዝሉ አፍ ላይ በሚታየው ብሩህ የነበልባል ሾጣጣ ጫፍ ፊት ለፊት ነው። ብረት ለመበየድ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ፈረንሳውያኑ ኤድሞን ፉሼና ሻርል ፒካር በ1903 እ.ኤ.አ. የኦክሲ-አሲቲሊን መበየጃ ካወጡ ወዲህ በዚህ ሥራ ቦታውን የነጠቀው ሌላ ጋዝ የለም። የፕሮፔን ሙቀት ደግሞ አብዛኛው በውጨኛው ነበልባል ላይ የተበተነ ነው። ለማሞቅ፣ ለብር ብየዳና ለመስታወት ተስማሚ የሚያደርገው ይኸው ነው። ለብረት ብየዳ ግን አይሆንም።

አሲቲሊን ጠባዩም ከባድ ነው። ግፊቱ ከ1 ባር ገደማ ካለፈ ያለ ኦክስጅን ራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ከመዳብ ጋር ሲገናኝ የሚፈነዳ ውሁድ ይፈጥራል፤ በመዳብ ቱቦ ፈጽሞ አይመራም። በአሴቶን ሟሙቶ ስለሚቀመጥ ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ መሥራት አለበት። ለጠረጴዛ ማቃጠያ እኔ የምመክረው ፕሮፔንን ነው። እሱንም ቢሆን አትናቁት። ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ በጠረጴዛ ሥርና በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል።

ደረጃ 3፦ ኦክስጅኑ ከየት ነው?

መንገዱ ሁለት ነው፦ ሲሊንደር ወይም ኮንሰንትሬተር።

50 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 10,000 ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይሰጣል። በደቂቃ 8 ሊትር ብትወስዱ ሃያ ሰዓት ይሠራል ማለት ነው። ግፊቱ እንደ ልብ ነው፤ ንጽሕናውም አስተማማኝ ነው።

ኮንሰንትሬተር ከአየር ላይ ናይትሮጅኑን አጣርቶ ኦክስጅኑን የሚያስቀር ማሽን ነው። የተለመደው ዓይነት በደቂቃ 5 ሊትር፣ 93 በመቶ ገደማ የጠራ ኦክስጅን ይሰጣል። ከተጻፈለት መጠን በላይ ስትስቡት ንጽሕናው ይወርዳል፤ ነበልባሉም ይቀዘቅዛል። ለምሳሌያችን አንድ ማሽን አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል። ግፊቱ ከግማሽ ባር ብዙም ስለማያልፍ ማቃጠያው በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ መሆን አለበት። ስለዚህ ኖዝሉን ከመንደፋችሁ በፊት የኦክስጅኑን ምንጭ ቁረጡ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተገላቢጦሹን ይሠራና ቆንጆ ማቃጠያ ይዞ ኦክስጅን ያጥረዋል።

ደረጃ 4፦ የት ይገናኙ?

ትልቁ ውሳኔ ይሄ ነው። ሁለቱ ጋዞች በማቃጠያው ሆድ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ወይም ከወጡ በኋላ ፊቱ ላይ።

በሆዱ የሚቀላቅለው ዓይነት ነበልባሉ ቀጭን፣ ሹልና በጣም ትኩስ ነው። እየፏጨ ይነድዳል። መበየጃዎች በአብዛኛው እንደዚህ ናቸው። ከነሱ ውስጥ ኢንጀክተር የሚባለው ኦክስጅኑን በቀጭን ቀዳዳ በኃይል ያስወጣና በዚያ ፍጥነት ጋዙን ጎትቶ ያመጣል። የጋዙ ግፊት ዝቅተኛ ሲሆን ይመረጣል። ኢንጀክተሩ በትክክል መሥራቱን ማወቅ ቀላል ነው። የጋዙን ጎማ ከማቃጠያው ንቀሉት፤ የማቃጠያውን ሁለት ቫልቮች ክፈቱና ኦክስጅኑን ብቻ ልቀቁ። ከዚያ ዘይት ያልነካው ጣታችሁን የጋዙ መግቢያ ላይ አድርጉ። ጣታችሁን ሳብ ካደረገው ደህና ነው። ካልሳበ፣ ይባስ ብሎ ወደ ውጭ ከተነፈሰ ኖዝሉ ተደፍኗል፤ ኦክስጅኑ ወደ ጋዙ ጎማ እየገባ ነው። በዚህ ሁኔታ አትለኩሱት።

በፊቱ ላይ የሚቀላቅለው ዓይነት ኦክስጅኑንና ጋዙን እስከ መጨረሻው ለየብቻ ያመጣቸዋል። ኦክስጅኑ በበርካታ ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣል። ጋዙ በቱቦዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ይወጣል። የሚደባለቁት ከፊቱ አልፈው ነው። ነበልባሉ ሰፋ ያለ፣ ለስለስ ያለና ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። የመስታወት ሠሪዎች የጠረጴዛ ማቃጠያ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሆዱ ውስጥ ድብልቅ ስለሌለ እሳቱ ወደዚያ የሚገባበት መንገድ የለውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ኬሚስት ሮበርት ሄር በ1801 እ.ኤ.አ. የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ማቃጠያውን ሲሠራ ሁለቱን ጋዞች በየራሳቸው ዕቃ ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። በሆዱ የሚቀላቅል የኦክስጅን ማቃጠያ በቤት አይሠራም። ከታወቀ አምራች ይገዛል። ቶርኖና የመበየድ ልምድ ያለው ሰው ሊነድፈው የሚገባው በፊቱ የሚቀላቅለውን ነው። እዚያ ላይ የሚሠራ ስህተት ብዙውን ጊዜ የሚያስከትለው መጥፎ ነበልባል ነው። በሆዱ የሚቀላቅለው ላይ የሚሠራ ስህተት ግን ፍንዳታ ያስከትላል።

ደረጃ 5፦ አሁን ቀዳዳውን አስሉ

ቀመሩ አንድ ነው፦ ፍጥነት ማለት በሰከንድ የሚያልፈው መጠን ለቀዳዳው የአፍ ስፋት (በካሬ ሚሊ) ሲካፈል ነው።

መጀመሪያ ፍጥነት ለምን ወሳኝ እንደሆነ በሆዱ በሚቀላቅለው እንየው። 2 ሊትር ፕሮፔንና 8 ሊትር ኦክስጅን ሲደመሩ በደቂቃ 10 ሊትር ድብልቅ ይሆናሉ። ዲያሜትሩ 1.5 ሚሊ በሆነ ቀዳዳ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 94 ሜትር ገደማ ነው። በ5 ሚሊ ቀዳዳ ሲወጣ 8.5 ሜትር ብቻ። የእሳቱ ፍጥነት ከ3.5 ሜትር ትንሽ ስለሚያልፍ 8.5ም የሚያዋጣ ይመስላል። ግን ማቃጠያውን ወደ ሩብ ብትቀንሱት 2.1 ሜትር ይሆናል። አለቀ፤ እሳቱ ገባ። ባለ 1.5 ሚሊው ሩብ ላይም ከ23 ሜትር በላይ አለው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ ስሌቱ የሚሠራው ለትልቁ ነበልባል ሳይሆን ለትንሹ ነው። ሁለተኛ፣ በቀዳዳው ግድግዳ አጠገብ ጋዙ ከመሐሉ ይልቅ ስለሚዘገይ፣ ኖዝል ሲግልም እሳቱ ስለሚፈጥን፣ ለጥቂት ማለፍ አይበቃም። ብዙ እጥፍ ማለፍ አለበት። የተሠራ ማቃጠያ ይዘው ሰፊ ኖዝል ላይ ትንሽ ነበልባል ለሚያነዱም የምለው ይኸው ነው። ትንሽ ነበልባል ከፈለጋችሁ ኖዝሉን ቀይሩ።

አሁን ወደ ራሳችን ንድፍ እንመለስ። ኦክስጅኑ 8 ሊትር ነው። ቱቦዎች ክብ ሆነው ተጠጋግተው ሲደረደሩ 7፣ 19 ወይም 37 ሲሆኑ ጥሩ ይገጥማሉ፤ አንድ መሐል፣ ስድስት ዙሪያው፣ አሥራ ሁለት ደግሞ በዚያ ዙሪያ እያለ ይሄዳል። የውስጥ ዲያሜትራቸው 0.7 ሚሊ የሆነ 7 ቱቦዎች ብትወስዱ ኦክስጅኑ በሰከንድ 49 ሜትር ገደማ ይወጣል። በ19 ቱቦዎች 18 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰባቱ ወደ ፊት የሚወረወር ጠንካራ ነበልባል ይሰጣሉ። አሥራ ዘጠኙ ሰፊና ጸጥ ያለ ይሰጣሉ። ለመስታወት ጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል፤ የለሰለሰ መስታወት በነበልባሉ ግፊት አይገፋም።

የቱቦው ቅጥነትም የራሱ ሥራ አለው። ቱቦው በቀጠነ ቁጥር ኦክስጅኑና ጋዙ በአጭር ርቀት ይቀላቀላሉ፤ ሰማያዊዎቹ ሾጣጣዎችም ያጥራሉ። በጥቂት ወፍራም ቱቦዎች ያንኑ ኦክስጅን ብታሳልፉ ነበልባሉ ረጅም ይሆናል፤ መሐሉም ያልተቃጠለ ኦክስጅን ይበዛበታል።

ጋዙ ከኦክስጅኑ ዘግይቶ መውጣት አለበት። ነበልባሉን ፊቱ ላይ የሚያስረው ይህ ቀርፋፋው ጋዝ ነው። በሰከንድ 5 ሜትር ብትይዙ፣ በደቂቃ ለ2 ሊትር የሚያስፈልገው የክፍተት ስፋት 6.7 ካሬ ሚሊ ገደማ ነው። በቱቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲደመር ወደዚህ እንዲጠጋ የውጨኛውን ቀለበት ስፋት አስተካክሉ። ከዚህ በጣም ከጠበበ ጋዙ ይፈጥንና ነበልባሉ ሲለኮስ እየተላቀቀ ያስቸግራል።

ደረጃ 6፦ አፉን በጥንቃቄ ሥሩ

የፕሮፔንና የአሲቲሊን ማሞቂያ ኖዝል አጠገብ ላጠገብ አስቀምጣችሁ አፋቸውን ተመልከቱ። የአሲቲሊኑ ጠፍጣፋ ነው። የፕሮፔኑ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነው። እሳቱ በፕሮፔን ውስጥ ቀስ ስለሚል ከአፉ በቀላሉ ይላቀቃል። ጉድጓዱ ጋዙን ለአፍታ ያዘገይና ነበልባሉ የሚይዘው ቦታ ይሰጠዋል። ሌላው መላ በዋናው ቀዳዳ ዙሪያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች መብሳት ነው። በእነሱ የሚወጣው ዘገምተኛ ነበልባል ዋናውን እየለኮሰ ያቆየዋል።

የቱቦዎቹ ጫፍ አንድ ልክ ይሁን። ከቆረጣችሁ በኋላ የቀረውን ሹል ጠርዝ አንሱት፤ በጣት የማይታወቅ ትንሽ የብረት ፍቅፋቂ አንዱን ሾጣጣ ወደ ጎን ያጣምመዋል። ቱቦው ከውስጥ ስፋቱ ብዙ እጥፍ የሚረዝም ቀጥ ያለ መንገድ ይኑረው፤ ጋዙ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ያኔ ነው።

ለአካሉ ናስ፣ ለቀጫጭን ቱቦዎቹ አይዝጌ ብረት ጥሩ ነው። ለኦክስጅን መስመር አሉሚኒየም አትጠቀሙ። ቱቦዎቹን በብር ብየዳ ያዙ፤ የሚቀልጠው ከ600 ዲግሪ በላይ ነው። በቆርቆሮ ብየዳ ከሠራችሁት ገና ሲሞቅ ይፈታል። ኦክስጅኑን ከጋዙ የሚለየው ክፍልፋይ ሲፈታ ደግሞ ጋዙና ኦክስጅኑ በሆዱ ይገናኛሉ። በፊቱ ይቀላቅላል ያላችሁት ማቃጠያ በሆዱ ቀላቃይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የጋዙን የውጭ ሽፋን ከመግጠማችሁ በፊት የኦክስጅኑን ክፍል ፈትሹት። የቱቦዎቹን ጫፍ በላስቲክ ድፈኑ፣ በናይትሮጅን ግፊት ስጡ፣ ብየዳውን በሳሙና ውሃ ቀቡ። አንዲት አረፋ ከታየች ይደገማል።

ቀጥሎ ማጽዳት ነው። ቶርኖና ትራፓኖ ላይ የሚፈስሰው ዘይት በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይቀራል። ዘይትና ግፊት ያለው ኦክስጅን ሲገናኙ ያለ ክብሪት ይነዳሉ። አካሉን በቅባት ማስለቀቂያ እጠቡት፣ በሙቅ ውሃ አለቅልቁት፣ ሙሉ በሙሉ አድርቁት። ከዚያ በነጭ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ላይ ምንም ምልክት መታየት የለበትም። የአልትራቫዮሌት መብራት ካላችሁ በጨለማ አብሩበት፤ ብዙ ዓይነት ዘይት በዚህ ብርሃን ያበራል። ጥርሶቹ ላይም ተራ ማሸጊያ ቅባት አይደረግም፤ ለኦክስጅን የተፈቀደ ቴፍሎን ብቻ።

ደረጃ 7፦ መስመሩን ዘርጉ

ሁለቱም ሲሊንደሮች የየራሳቸው ሬጉሌተር (የግፊት መቀነሻ) ይኑራቸው። የጋዝ መስመር ዳዶ በግራ ይጠብቃል፤ የኦክስጅኑ በቀኝ። እንዳይሳሳቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ አልገጥም ሲል በጉልበት የሚገጠም ነገር አይደለም። ሲሊንደሮቹ እንዳይወድቁ በሰንሰለት ይታሰሩ። ጎማው ለምትጠቀሙት ጋዝ የተሠራ ይሁን።

ፍላሽባክ መከላከያ በሁለቱም መስመር፣ በሬጉሌተሩ በኩል ግጠሙ። ውስጡ ጋዙ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭና እሳቱን የሚያጠፋ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ብረት አለ። በሽቦ ወንፊት ወይም በብረት ሱፍ ራሴ እሠራዋለሁ የሚል ሰው አይጠፋም። አይሆንም። የፕሮፔንና የአየር እሳት 2 ሚሊ ገደማ በሆነ ክፍተት ማለፍ ያቅተዋል። በኦክስጅን ሲሆን ግን ሩብ ሚሊ ገደማ ይበቃዋል። ለዚያ ወንፊት ምኑም አይደለም። ጎማ ውስጥ የተደባለቀ ጋዝና ኦክስጅን ወደ ዲቶኔሽን (ከድምፅ ፈጥኖ ወደሚሄድ ፍንዳታ) ከተሸጋገረ ደግሞ እሳቱ በሰከንድ ከ2,000 ሜትር በላይ ይበርራል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ይህቺን ዕቃ ግዙ።

አየሩ ይውጣ፣ አዲስ ይግባ። የኦክስጅን ነበልባል ካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ሳይሆን ሳንባ የሚጎዱ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችንም ያመነጫል። መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ ከነበልባሉ በላይ የሚስብ ማራገቢያ ያስፈልጋል። ኦክስጅን ሲያፈስም አደጋ ነው። በክፍሉ ውስጥ ከተለመደው 21 በመቶ ተነስቶ 23.5 ካለፈ ልብስና ፀጉር በቀላሉ ይያያዛል። ኦክስጅንን ልብስ ላይ አቧራ ለማራገፍ መጠቀም የተከለከለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ ለኩሱ

የመጀመሪያው ልኮሳ ከቤት ውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ልምድ ያለው ሰውም አጠገባችሁ ይኑር። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና ውሃ ፈትሹ። የኦክስጅኑን ሲሊንደር በጣም ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። በድንገት ሲከፈት በሬጉሌተሩ ውስጥ የሚታመቀው ጋዝ በጣም ይግላል፤ ውስጡ ያለ ማሸጊያ ሊቃጠል ይችላል። ስትከፍቱ ከሬጉሌተሩ ፊት ለፊት አትቁሙ።

በፊቱ ለሚቀላቅል የጠረጴዛ ማቃጠያ ጋዙን ከ0.2 እስከ 0.35 ባር፣ ኦክስጅኑን ከ0.35 እስከ 0.7 ባር አድርጋችሁ ጀምሩ። የተገዛ ከሆነ የአምራቹ ቁጥር ይቀድማል። የጋዙን ቫልቭ በትንሹ ክፈቱ፤ በእሳት ድንጋይ መለኮሻ ለኩሱት። ቢጫ፣ የሚወዛወዝ ነበልባል ይመጣል። ከዚያ ኦክስጅኑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ቢጫው እየጠፋ ሰማያዊው ይገባል። በእያንዳንዱ ቱቦ አፍ ላይ አንዳንድ ብሩህ ሾጣጣ ቁጭ ሲል ታያላችሁ። ሁሉም እኩል ቁመት ካላቸው ሥራው አምሯል።

ነበልባሉን ማንበብ

ሾጣጣዎቹ ጥርት ያሉና ጫፋቸው ቢጫ ያልሆነ ሲሆን ነበልባሉ የተመጣጠነ ነው። ቢጫ ምላስ ከረዘመ ጋዙ በዝቷል፤ መስታወቱ ላይ ጥላሸት ይቀመጣል። ሾጣጣዎቹ አጥረው ከጠወለጉና ማፏጨት ከጀመረ ኦክስጅኑ በዝቷል፤ ብረት ይቃጠላል። ዕቃውን ከሾጣጣዎቹ ጫፍ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት። በጣም የሚሞቀው እዚያ ነው፤ ሾጣጣው ውስጥ አይደለም።

መስታወት ሲሞቅ ከሶዲየሙ የሚመጣ ቢጫ ብርሃን ዓይን ያጭበረብራል። ዲዲሚየም መነጽር ይህን ያጠፋውና ሥራው ጥርት ብሎ ይታያል። ለብረትና ለኳርትዝ ግን አይበቃም፤ ለዚያ ጠቆር ያለ የብየዳ መስታወት ያስፈልጋል።

ነበልባሉ ከፊቱ እየዘለለ ከጠፋ የኦክስጅኑን ግፊት ቀንሱ። ካልረዳ የጋዙ ክፍተት ጠብቧል። አንዱ ሾጣጣ ብቻ ከተጣመመ ወይም ከጠፋ ቱቦው ቆሽሿል። የማቃጠያው ራስ ከተለመደው በላይ ከጋለ ወይም ውስጡ ካፏጨ ሁለቱንም ወዲያው ዝጉ፤ ምክንያቱ ሳይገኝ ዳግም አይለኮስም።

ስትጨርሱ በፊቱ በሚቀላቅለው ላይ መጀመሪያ ኦክስጅኑን፣ ቀጥሎ ጋዙን ዝጉ። በሆዱ ለሚቀላቅሉት ቅደም ተከተሉ እንደየሥሪቱ ስለሚለያይ የአምራቹን መመሪያ ተከተሉ። ከዚያ ሲሊንደሮቹን ዝጉና በጎማው ውስጥ የቀረውን አንድ በአንድ አስወጡ፤ ሁለቱ ቫልቮች በአንድ ጊዜ አይከፈቱ። ቀዳዳ ስታጸዱ ለልኩ የተሠራውን የኖዝል ማጽጃ ሽቦ ቀጥ አድርጋችሁ አስገብታችሁ አውጡ። ማሽከርከርና ወዲያ ወዲህ ማለት ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ያሰላችሁት ፍጥነትም አብሮ ይቀየራል።